ድንጋዩን የወረወረው ሌላ ሰው ነው

አሜሪካ የምትኖሩ ወዳጆቼ ይህችን ሞክሯት። ዕድሜው ስልሳን የዘለለ አሜሪካዊ ጎረቤት ካላችሁ «ዘ አንዲ ግሪፊት ሾው» በሉትና አፉን እዩ። ከንፈሩን ሞጥሞጥ አድርጎ ማፏጨት ቢጀምር አይግረማችሁ። የድራማው መግቢያ ፉጨት ነበርና። ፉጨቱ ሲሰማ አባትና ልጅ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸውን ይዘው በገጠር መንገድ ሲሄዱ ይታያል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ያነሣል፣ ክንዱን ይወነጭፋል፣ ድንጋዩም ውሃው ውስጥ ጥልቅ ይላል።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። ድንጋዩን የወረወረው ልጁ አይደለም። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበር ክንዱ ውሃው ድረስ አላደርስ አለው። መላው ምን ሆነ መሰላችሁ? ከቀረጻው ሠራተኞች አንዱ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተደበቀና፣ ልጁ ክንዱን ሲወነጭፍ እሱ ከተደበቀበት ወረወረለት። ነገሩን ያወቀ ሰው ልብ ብሎ ካየው ድንጋዩ ውሃው ላይ የሚያርፈው ትንሽ ዘግየት ብሎ ነው። ገጠሩም ቢሆን ገጠር አይደለም፤ እዚያው ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ ከቤቨርሊ ሂልስ በላይ ያለ ፍራንክሊን ካንየን የሚባል ሸለቆ ነው።

የልጁ ስም ሮን ሃዋርድ ነው። ስሙ ባይታወሳችሁ እንኳ ሥራው ሳያገኛችሁ አልቀረም፤ ስለ ሒሳብ ሊቁ ጆን ናሽ የተሠራውን «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» ያያችሁ፣ በ«አፖሎ 13» ትንፋሻችሁን የያዛችሁ፣ በ«ዘ ዳ ቪንቺ ኮድ» የተከራከራችሁ ሁሉ በእሱ እጅ አልፋችኋል። ዳይሬክተራቸው እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለምጠራ እንዳትቀየሙኝ፤ ሰውየው የእነሱ ነው።)

ልጅ ሳለ ቴሌቪዥን ላይ ስለታየ ሰው ወሬ ሲነሣ ሁላችንም የምንጠብቀው መጥፎውን ነው። ሱስ፣ እስር፣ ክስ፣ ኪሳራ። ደግሞ አይፈረድብንም፤ ብዙ አይተናል።

የነገሩ ሁሉ አባት የሚባለው ጃኪ ኩገን ነው። እሱ እንኳ የጀመረው በፊልም ነው፤ በ1921 ቻርሊ ቻፕሊን «ዘ ኪድ» ላይ አብሮት ያሠራው፣ ያ ቆቡን ያጋደለ አንጀት የሚበላ ሕፃን። በልጅነቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊዮን ዶላር እንዳስገባ ይገመታል፤ በዚያን ዘመን ዶላር ማለት ነው እንግዲህ። አድጎ «ገንዘቤስ?» ቢል እናቱና የእንጀራ አባቱ «ያንተ የሚባል ነገር የለም» አሉት። ሕጉም ከእነሱ ጋር ነበር፤ ልጅ የሚያገኘው ገንዘብ የወላጁ ነው ይል ነበርና። በ1938 ከሰሳቸው። ክርክሩ አልቆ እጁ ላይ የገባው 126 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነው። ጉዱ አገር ስላነጋገረ ካሊፎርኒያ በ1939 «የኩገን ሕግ» የተባለውን አወጣች፤ ሆኖም ሕጉ የሚሠራው ፍርድ ቤት ቀርበው በጸደቁ ውሎች ላይ ብቻ ስለነበር በወንፊት ውሃ መቅዳት ሆነ። ልጁ የሠራው ገንዘብ የልጁ ነው፣ ቢያንስ 15 በመቶው ታሽጎ ይቀመጥለት የተባለው ገና በ2000 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ነው። ስድሳ ዓመት! ኩገን ራሱ በመሃሉ ጸጉሩ አልቆ፣ ሆዱ ወጥቶ፣ «ዘ አዳምስ ፋሚሊ» በሚባለው የ1960ዎቹ ድራማ ላይ መላጣውን አጎት ፌስተርን ሆኖ ሲያስቅ ኖሮ፣ ማሻሻያውን ሳያይ በ1984 ሞተ።

ጋሪ ኮልማንን ደግሞ የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። በ1978 የተጀመረው «ዲፈረንት ስትሮክስ» ያቆመው በዚያ ጉንጫም ልጅ ትከሻ ላይ ነበር። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ኩላሊቱ የታመመ ስለነበር ቁመቱ 1 ሜትር ከ42 ላይ ቆመ፤ ንቅለ ተከላም ሁለት ጊዜ ተደርጎለታል። ሰው እንደ በረከት ያየለት ትንሽነቱ ሕመሙ ነበር ማለት ነው። አድጎ ወላጆቹንና የቀድሞ አማካሪውን ከሰሰ፤ በ1993 ወደ 1.28 ሚሊዮን ዶላር ተፈረደለት፤ በ1999 ደግሞ ከሠርሁ ብሎ ለፍርድ ቤት አመለከተ። በመሃሉ የጥበቃ ሥራ ሠርቷል። በ2003 ካሊፎርኒያ ገዥዋን አውርዳ ሌላ ስትመርጥ ተወዳድሮ ከ135 ዕጩዎች ስምንተኛ ወጣ፤ ያሸነፈው አርኖልድ ሽዋርዘኔገር ነው። በ42 ዓመቱ በ2010 አረፈ። እስከ መጨረሻው ግን መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ያችኑ የልጅነት ተረቡን እንዲደግምለት ይጠይቀው ነበር አሉ። እኔ ከክሱም ከኪሳራውም ይልቅ ያሳዘነኝ ይኼ ነው። አርባ ዓመት የሞላውን ሰው «እስቲ ልጅ ሁንልን» ማለት ምን ይባላል?

ታዲያ ሮን ሃዋርድ በምን አመለጠ?

አሜሪካኖችን ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ «ጥሩ ወላጆች ነበሩት» ይሏችኋል። እኛም ብንሆን «አስተዳደግ ነዋ!» ብለን እንዘጋዋለን። ውሸት አይደለም። አባቱ ሬንስ ሃዋርድ የኦክላሆማ ገበሬ ልጅ ነው፤ ተዋናይ እሆናለሁ ብሎ ከእርሻው ወጥቶ ዕድሜ ልኩን ትንንሽ ሚና ሲጫወት የኖረ ሰው። እናቱ ጂንም ተዋናይት ነበረች፤ ልጆቹን ለማሳደግ ትታው ቆየች። ሮን ማንበብ ከመቻሉ በፊት፣ አባቱ የሚሠራውን ቲያትር ቁጭ ብሎ እያየ፣ የትልልቅ ሰዎቹን ንግግር በቃሉ ያዘው። አባትየው አንድ ቀን ሥራ ፍለጋ ስቱዲዮ ሄዶ ለልጅ ሚና ፈተና የሚጠብቁ ሕፃናት ሲያይ «እኔም እኮ ልጅ አለኝ፣ ጎበዝ ተዋናይ ነው» አለ። የማይል ወላጅ አለ? እሱ ግን እውነቱን ሆነና ልጁ ገና በአራት ዓመቱ ቪየና ድረስ ተወስዶ ከዩል ብሪነርና ከዲቦራ ከር ጋር ፊልም ሠራ።

የአንዲ ግሪፊት ድራማ በ1960 ሲጀመር ሬንስ አንድ ነገር አደረገ። መጀመሪያ አካባቢ ልጁ፣ ኦፒ የሚባለው፣ በወጉ መሠረት አፈ ጮሌ ሆኖ ነበር የተጻፈው፤ የዚያን ጊዜ የቴሌቪዥን ልጅ ሁሉ አባቱን በተረብ ሲያዋርድ ነበር የሚያስቀው። ሬንስ አባትየውን ለሚጫወተው ለአንዲ ግሪፊት፣ ልጁ አባቱን የሚያከብር ቢሆንስ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ማን ነውና? አንድ የሕፃን ተዋናይ አባት። ግሪፊት ግን ሰማው፤ እንዲያውም የአባትና የልጁን ነገር የሬንስንና የሮንን እያየ ቀረጸው። ሮን ይህን የሰማው ካደገ በኋላ ነው፤ አባቱ ቤት መጥቶ አልፎከረበትም።

ገንዘቡስ? ልጁ ከአባቱ የበለጠ ያገኝ ነበር። ቤተሰቡ ግን በርባንክ ውስጥ ደህና በሆነች መካከለኛ ቤት በአባትየው ገቢ ሲኖር፣ የልጁ ገንዘብ ባንክ ተቀመጠለት። የኩገን ሕግ ወንፊት በሆነበት በዚያ ዘመን ማንም አስገድዷቸው አይመስለኝም። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ዛሬ ስቱዲዮ ድሮ የሠራውን ሥራ ስልክ ይሠራዋል፤ በየቤቱ ሕፃኑን አስጨፍሮ፣ አስቆጥቶ፣ አስለቅሶ ዩቲዩብ ላይ የሚለጥፍ ወላጅ ሞልቷል፤ ከእኛም መንደር አይጠፋም። ኢሊኖይ በ2024 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ እንዲህ ከሚገኘው ገንዘብ ለልጁ ድርሻ እንዲቀመጥለት አዝዛለች። የኛ ሰው «ከልጄ ጋር ምን ሕግ አገባው» ይል ይሆናል። የኩገን እናትም አስተሳሰቧ ከዚህ የራቀ አልነበረም።

ብቻ፣ ነገሩን በአስተዳደግ ዘግተን እንዳንነሣ የሚያደርግ ሰው አለ። ታናሽ ወንድሙ ክሊንት።

ክሊንት ሃዋርድም የልጅ ተዋናይ ነበር፤ ደግሞም ዋዛ አይደለም። በሰባት ዓመቱ «ስታር ትሬክ» ላይ ባሎክ የሚባለውን እንግዳ ፍጡር ሆኖ የታየው እሱ ነው። ከ1967 እስከ 1969 ደግሞ «ጀንትል ቤን» በሚባል ድራማ ላይ፣ ድብ ጓደኛው የሆነ ልጅ ሆኖ በሳምንት በሳምንት ሲታይ ነበር። ትክክለኛ ድብ! ያው አባት፣ ያው እናት፣ ያው ቤት፣ ያው ባንክ። ይሁንና ክሊንት ገና በወጣትነቱ በመጠጥና በኮኬይን ተጠምዶ ዓመታት ባከነ፤ ከዚያ የወጣው በ1991 ነው። ወንድማማቾቹ በ2021 «ዘ ቦይስ» ብለው አብረው በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ ይህን ራሱ ክሊንት ፊት ለፊት ይተርከዋል፤ ወላጆቹንም አይወቅስም። ስለዚህ «ጥሩ ወላጅ» የሚለው መልስ ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው።

እኔ የቀረውን ግማሽ የማየው ከዚያ ቁጥቋጦ ጀርባ ነው። ብዙ የልጅ ተዋናይ የሚያውቀው መታየትን ነው። መታየት ደግሞ የሰው ነው፤ ሰው ዓይኑን ሲነሣ አብሮ ይሄዳል። ሮን ገና ከሕፃንነቱ የተጠመደው ድንጋዩን በሚወረውሩት ሰዎች ነው፤ መብራት በሚሰቅሉት፣ ካሜራ በሚገፉት፣ «ድገሙት» በሚሉት። በካሊፎርኒያ ሕግ የልጅ ተዋናይ በቀን ሦስት ሰዓት መማር ስላለበት ስቱዲዮው ውስጥ አስተማሪ ተቀጥሮለት፣ ከሒሳብ ወደ ቀረጻ፣ ከቀረጻ ወደ ሒሳብ ሲመላለስ አደገ። ከስድስት ዓመቱ እስከ አሥራ አራት፣ 249 ክፍል የወጣው ሥራ። ሌላው ሰው ሙያውን በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሲጀምር እሱ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ የስምንት ዓመት ልምድ ነበረው።

ከዚያ ዘመን የምወዳት ወሬ አለች። ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ ልምምድ ላይ አንዱን ንግግር ጠላው። ለዳይሬክተሩ «ልጅ እንዲህ ብሎ አይናገርም» አለው። ዳይሬክተሩም ታዲያ እንዴት ይላል ብሎ ጠየቀው፤ ልጁ አለው፤ «በቃ እንዲያ በለው» ተባለ። ሥራው ሊቀጥል ሲል ልጁ ደጃፉ ላይ ቆሞ ጥርሱን ይገልጣል። ግሪፊት ምን ያስቀዋል ብሎ ቢጠይቀው፣ ሐሳቤን ስትቀበሉኝ የመጀመሪያችሁ ስለሆነ ነው አለ። ግሪፊትም ቀበል አድርጎ፣ እስከ ዛሬ ካመጣሃቸው ረብ ያለው እሱ ስለሆነ ነው አለው። ተመልከቱ እንግዲህ፤ «አይዞህ የኔ ቆንጆ» አላለውም። እንደ ባልደረባ ነው የመለሰለት። የሰባት ዓመት ልጅ በዚህ መልስ ምን ያህል ቁመት እንደሚጨምር ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል።

በሌላ በኩል ስሙ መዘዝ ነበር። ወደ ሕዝብ ትምህርት ቤት ሲመለስ ልጆቹ ኦፒ የሚለውን ስም እያጣመሙ ያበሽቁት ነበር፤ ቡጢ ድረስ ደርሷል። ድራማው በ1968፣ በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆኖ ሳለ፣ አበቃ። የአሥራ አራት ዓመት ጎረምሳ፤ ድምፁ የጎረነነ፣ ብጉር የጀመረው፣ ትንሽም ትልቅም ያልሆነ። የልጅ ተዋናይ የሚሞትባት ዕድሜ ይቺ ናት። ሮን በዚህች ዕድሜ ሱፐር 8 የምትባለዋን ትንሽ ካሜራ ይዞ ሰፈሩ ውስጥ ፊልም መቅረጽ ጀመረ፤ ኮዳክ ባዘጋጀው የወጣቶች ውድድርም ተሸለመ። ከሄንሪ ፎንዳ ጋር «ዘ ስሚዝ ፋሚሊ» የሚባል ድራማ ሲሠራም አንጋፋው ተዋናይ ፊልም የምትወድ ከሆነ ዳይሬክተር ሁን ብሎ አበረታታው።

1973 ላይ የጆርጅ ሉካስ «አሜሪካን ግራፊቲ» መጣ። ሌሊት ሌሊት የተቀረጸ፣ ርካሽ፣ ያልተጠበቀ ፊልም። ወዲያው በ1974 «ሃፒ ዴይስ» ተጀመረና ኦፒ የነበረው ልጅ ሪቺ ከኒንግሃም ሆነ፤ የ1950ዎቹ ሚልዋኪ፣ ጨዋ ቤተሰብ፣ ጨዋ ልጅ። ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዲህ ያለ ዕድል መምጣቱ ራሱ ተአምር ነው። ዋናው ሰው ሪቺ ነበር። ነገር ግን ቆዳ ጃኬት ለባሹ ፎንዚ፣ ሄንሪ ዊንክለር የሚጫወተው፣ አውራ ጣቱን ቀስሮ ብቅ ሲል አዳራሹ በጩኸት ይናወጣል። ቀስ በቀስ ድራማው የፎንዚ ሆነ። የጣቢያው አለቆች ጭራሽ ርዕሱን «የፎንዚ ሃፒ ዴይስ» እንበለው አሉ።

እስቲ ራሳችሁን በቦታው አድርጉት። ዓመታት የሠራችሁበት ቤት፣ ኮንትራታችሁ ላይ አንደኛ ተብላችሁ የተጻፋችሁበት፣ አሁን ለአዲሱ ሰው ስሙ ሊዞር ነው። ሮን አልጮኸም። ርዕሱ ከተቀየረ ትቼ ወደ ፊልም ትምህርቴ እመለሳለሁ አለ፤ ርዕሱም ሳይቀየር ቀረ። ከዊንክለር ጋር ግን አልተጣላም። እንዲያውም ከጥቂት ዓመት በኋላ ዳይሬክተር ሆኖ «ናይት ሺፍት»ን ሲሠራ ዋና ተዋናዩ ዊንክለር ነው፤ የበኩር ልጁ ክርስትና አባትም እሱ ነው። በኛ አገር እንኳ ወንበር የወሰደብህን ሰው አበ ልጅ ማድረግ ቀላል አይደለም።

አለቆቹ ያላወቁት ሮን ልቡ ቀድሞ መሄዱን ነው። ሮጀር ኮርማን የሚባል በርካሽ ፊልም አምራችነቱ የታወቀ ሰው ነበር፤ ዓይኑ ሳንቲም ላይ፣ ጆሮው ግን ወጣት ላይ። ሮን ለሱ አንድ የመኪና ግጭት ፊልም ላይ ሊተውንለት፣ እሱ በተራው ዳይሬክተርነት ሊሰጠው ተስማሙ። በ1977 ከአባቱ ጋር ሆኖ የጻፈው «ግራንድ ቴፍት አውቶ» ወጣ። (ዛሬ ልጆቻችሁ ከሚያብዱበት ጌም ጋር አይምታታባችሁ፤ ይሄ የሮልስ ሮይስ መኪና ማሳደድ ነው።) የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ 600 ሺህ ዶላር ገደማ በጀት፣ ጊዜውም ከ«ሃፒ ዴይስ» የዕረፍት ወራት የተቀነሰ። አባቱም ወንድሙም ተውነውበታል። ቀረጻው ላይ አጃቢ ተዋናይ ይጨመርልኝ ብሎ ኮርማንን ቢለምን እሺ አላለውም። ኮርማን ግን አጽናናው፤ ይሄን ደህና አድርገህ ከሠራህ ሁለተኛ ለኔ አትሠራም አለው። ትንቢቱ ደረሰ።

አሁን ቤቲ ዴቪስ ጋ እንምጣ፤ እኔ ከሁሉም የምወዳት እዚህ ላይ ናት። 1980 ነው። ሮን «ስካይዋርድ» የሚባል የቴሌቪዥን ፊልም ሊሠራ ነው፤ ከዋና ተዋናዮቹ አንዷ ቤቲ ዴቪስ ናት። ሁለት ኦስካር ያላት፣ ሰባ ዓመት የዘለላት፣ ዳይሬክተር በማስለቀስ የታወቀች እመቤት። እሱ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ አገሩ ሁሉ በሪቺ የሚያውቀው። ሁልጊዜ «ሚስተር ሃዋርድ» ትለዋለች። «ኧረ ሮን ይበሉኝ» ቢላት፣ እንደምወድህና እንደማልወድህ እስክወስን ድረስ ሚስተር ሃዋርድ ነው የምልህ አለችው። እዚያ አክብሮት መሳዩ ነገር በር መዝጊያ ነው፤ «አንቱ» ተብሎ የተገረፈ ሰው ይገባዋል።

ቀረጻው ተጀመረ። አንድ ትዕይንት ላይ ሮን ፈራ ተባ እያለ ሄዶ፣ እንዲህ ቢያደርጉት ይሻል ይሆን ብሎ ሐሳብ ሰጣት። እሷም እስቲ ልየው ብላ ሞከረችው፤ ሠራላት፤ ልክ ነህ አለችው። ማምሻ ላይ «ነገ እንገናኝ፣ ሚስ ዴቪስ» ሲላት፣ «እሺ ሮን፣ ነገ እንገናኝ» አለችና መቀመጫውን መታ አድርጋ ሄደች። በስድስት ዓመቱ ኦፒ፣ በሃያ ዓመቱ ሪቺ የተባለው ሰው በራሱ ስም የተጠራው፣ በኔ ግምት፣ ያን ቀን ማታ ነው።

በዚያው ዓመት ከ«ሃፒ ዴይስ» ወጣ። ድራማው ያለ እሱ እስከ 1984 ቀጠለ። ሕዝቡ ግን ስሙን አላወረደለትም፤ በ1982 «ሳተርዴይ ናይት ላይቭ» ላይ ተጋብዞ ሲሄድ ኤዲ መርፊ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ «ትንሹ ኦፒ ከኒንግሃም» እያለ በአገር ፊት ተረበው። ጸጉሩ መሳሳቱም ሳይነሣ አልቀረም። ሮን አብሮ ሳቀ፤ ምን ያድርግ? ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ «ስፕላሽ» ወጣ፤ ቶም ሃንክስ የሚባል ብዙ ሰው ያላወቀው ልጅ የዓሣ ሴት የሚያፈቅርበት። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልም ዝርዝር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ ስላለ አላሰለቻችሁም። ከፕሮዲውሰሩ ብራያን ግሬዘር ጋር ያቋቋሙት ኢማጅን የሚባል ኩባንያም እስከ ዛሬ አለ።

አንዷን ብቻ ልጥቀስ። «አፖሎ 13»ን ሲሠራ ክብደት አልባነትን በገመድ ከማስመሰል ተዋናዮቹን ይዞ የናሳ የልምምድ አውሮፕላን ላይ ወጣ። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ተወንጭፎ ቁልቁል ሲምዘገዘግ ውስጥ ያለው ሰው ሃያ ምናምን ሰከንድ ያህል ይንሳፈፋል፤ ከዚያ ወለሉ ላይ መውደቅ ነው፤ ከዚያ እንደገና። ይህን ከስድስት መቶ ጊዜ በላይ ደገሙት። አውሮፕላኑ በሠራተኞቹ ዘንድ በማስመለስ የተሰየመ ነው፤ ምክንያቱን አላብራራም፣ ቡና ላይ ነን። ፊልሙ ለዘጠኝ ኦስካር ሲታጭ ዳይሬክተሩ ግን አልታጨም። አገር ጉድ አለ። በ2002 ግን «ኤ ቢውቲፉል ማይንድ» የምርጥ ፊልምንም የምርጥ ዳይሬክተርንም ሐውልት አመጣለት። እናቱ ጂን አላየችውም፤ በ2000 አርፋ ነበር። አባቱ እስከ 2017 ኖረ።

እንግዲህ ይህ ሰው ለልጆቹ ምን አለ? ልጅነቱን በስቱዲዮ አሳልፎ የተመሰገነ፣ ያልተዘረፈ፣ ያልሰከረ፣ ወላጆቹን የሚባርክ ሰው ነው። ሌላ ማን «ልጆቼም ይግቡበት» ቢል ያምርበታል? እሱና ባለቤቱ ሼሪል፣ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የሚያውቃት፣ አራት ወልደዋል፤ በ1980ዎቹ አጋማሽ ሆሊውድን ትተው ኮነቲከት ገቡ፤ ልጆቹም እስኪያድጉ ድረስ በሙያ ደረጃ እንዳይተውኑ ተከለከሉ። ለኔ ከኦስካሩ ይልቅ የሚናገረው ይኼ ነው። ተርፎ የወጣ ሰው መንገዱን «ደህና ነው፣ እለፉ» አላለም። ወንድሙን አይቷል፤ የራሱንም ዕድል ከማንም በላይ ያውቃል።

የበኩር ልጁ ብራይስ ዳላስ ሃዋርድ አድጋ፣ ተምራ፣ መድረክ ላይ ስትሠራ ታይታ በ2004 በ«ዘ ቪሌጅ» ዋና ተዋናይት ሆነች፤ ኋላም «ጁራሲክ ወርልድ»ን አይታችኋል። አሁን እሷም «ዘ ማንዳሎሪያን»ን ጨምሮ ከካሜራው ጀርባ ቆማ ትሠራለች።

ክልከላውን ግን እንዲያ እንደ ብረት አትዩት። «አፖሎ 13»ን እንደገና ስታገኙት ከጨረቃው ይልቅ ሰዎቹን እዩልኝ። የጠፈርተኛው የጂም ሎቭል አሮጊት እናት ሆና፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን እንኳ ቢበር ልጄ ያሳርፈዋል የምትለው የሮን እናት ጂን ናት። ሎቭል ቤት ቄስ ሆኖ የሚቀመጠው የሮን አባት ሬንስ ነው። መነጽሩን አድርጎ የናሳ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ የሚጨነቀው ክሊንት ነው። ከሕዝቡ መሃል ደግሞ ብራይስ፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ፣ ብልጭ ትላለች፤ መጨረሻ ላይ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ውስጥ ስሟ የለም። ኤክስትራ መሆን ሥራ አይባልም ብለው ቤት ውስጥ ተከራክረው ይሆናል።